የዘይት ፍሬንና የገመድ ፍሬን

መርካቶ ተወልዶ ያደገ ሰው ብቸኛ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? የግቢያችንን በር ገና ስከፍት የሆነ ሰው ጭነት ትከሻዬን ይገጨኛል። ተሸካሚዎች "መንገድ! መንገድ!" እያሉ ያልፋሉ፣ ጋሪ የሚገፋው ይሳደባል፣ ጋቢ ገዝታ ከሸማ ተራ የምትመለስ ሴት የአዲሱ ገበያ ታክሲ ከየት እንደሚያዝ ትጠይቀኛለች። ቀኑን ሙሉ ሰው ይነካኛል። ያም ሆኖ በዚያን ዘመን ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት በስሜ የሚጠራኝ ሰው ሳልሰማ የማሳልፈው ጊዜ ብዙ ነበር።

ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። እህቶቼ ትዳር ይዘው ከወጡ ቆይተዋል፤ አንዷ አዳማ ናት፣ ሌላዋ ጎፋ። እኔ ባለ ሁለት ክፍሏ የቀበሌ ቤት ውስጥ ቀረሁ። የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው፤ ወረቀት ቆራጭ ነበርኩ። ማሽኑ ስለሚጮህ እዚያ ሰው የሚግባባው በእጁ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ጆሯችን እየጮኸ ዝም ብለን እንበላለን።

የሚያወጣኝ እሑድ ነበር። አንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠልኝ የተራራ ሳይክል ነበረችኝ። ከአጥር ማዶ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬም በዚያው ሰሞን አንድ ገዛ። ስድስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ማለዳ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን ተሻግረን፣ በሰሜን በኩል ዞረን፣ ሽሮ ሜዳን አልፈን እንጦጦ እንወጣ ነበር። ስንወጣ አንነጋገርም፣ ትንፋሽ የለም። አናት ላይ ስንደርስ ዳቦ እንበላለን። ከዚያ ቁልቁል መውረድ ነው። እሱ ይቀድማል፣ እኔ እከተላለሁ፤ ጉድጓድ ሲያይ በግራ እጁ ያሳየኛል።

አንድ ቀን ድሬዳዋ ሥራ አገኘ። ሳይክሉን ሸጠ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሄደ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ቆይቶ በዓል በዓል ሆነ። በመጨረሻም ለሁሉም ሰው አንድ ላይ የተላከ የሚመስል የመልካም በዓል መልእክት ብቻ ቀረ። አልቀየምኩትም። ሰው ኑሮ ሲይዝ እንዲህ ነው። እኔ ግን እሑዴን ምን እንደማደርገው ስላላወቅሁ ብቻዬን መውጣት ቀጠልኩ።

በጥቅምት ወር አንድ እሑድ ከእንጦጦ ስወርድ ፍሬን እንቢ አለኝ። የሳይክሌ ፍሬን የዲስክ ነበር። ጎማው መሐል ላይ ስስ የብረት ሰሃን ተገጥሟል፤ እጀታውን ስትጨብጥ ሁለት ትንንሽ ሸራዎች ሰሃኑን ይቆነጥጡታል። ከፋብሪካው ተገጥሞ የመጣው ግን ርካሽ ዓይነት ነበር፤ የሚገፋው አንደኛው ሸራ ብቻ ነው፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ሸራው ሳላውቅ አልቆ ኖሯል። እጀታውን ስጨብጠው መሪው ድረስ ገባ። የኋላውን ስይዝ ጎማው በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ተንሸራተተ። ቦይ ውስጥ ገባሁ።

ያነሳኝ በአቅራቢያው ያለ የአንድ ግቢ ዘበኛ ነው፣ ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ። ከወደቅሁበት አውጥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። ግራ እጄ አንጓው ላይ ማበጥ ጀምሯል፤ ጉልበቴ ይደማል።

"ስልክ አለህ?" አለኝ።

"አለኝ።"

"ማንን ልጥራልህ?"

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁና ስሞቹን ማየት ጀመርኩ። የማተሚያ ቤቱ አለቃ። መብራት የሚሠራልን ሰውዬ። አዳማ ያለችው እህቴ፤ ብትሰማ ታለቅሳለች እንጂ ምን ታደርጋለች? ጎፋ ያለችውም አራስ ናት። ድሬዳዋ። ዘበኛው ከአጠገቤ ቆሞ ይጠብቃል። ስሞቹን እስከ መጨረሻው ድረስ ካየሁ በኋላ ስልኩን ወደ ኪሴ መለስኩና፣

"ጓደኞቼ ከኋላ እየመጡ ነው፤ አሁን ይደርሳሉ" አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። አፌ ላይ መጣልኝ። ችግሩ ሰውዬው ደግ ነበር። "እንግዲያው እስኪመጡ አብሬህ ልቁም" አለኝ። ቆመ። ወደ ላይኛው መንገድ እያየ ግማሽ ሰዓት ያህል አብሮኝ ጠበቀ። ሳይክል የሚመስል ነገር ከሩቅ ባየ ቁጥር "እነዚያ ናቸው?" ይለኛል። "አይደሉም" እለዋለሁ። በኋላ መጠየቁን ተወ። ወደ መንገዱ ማየቱንም ተወ። ባዶ ሚኒባስ ሲመጣ እጁን ዘርግቶ አስቆመና ሳይክሌን ከወያላው ጋር ጣራው ላይ ጫነልኝ። "እግዜር ይማርህ" ብሎ በሩን ዘጋ። ስለ ጓደኞቼ አንድም ቃል አልተናገረም። ከእጄ ሕመም ይልቅ ያ ዝምታው ነው እስከ ቤቴ ድረስ ያመመኝ።

አንጓዬ ተሰንጥቆ ነበር። ወጌሻ አሰረልኝ፤ እስኪጠነክር ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። ሲፈታ እጄ ቀጥኖ፣ ጣቶቼ የሌላ ሰው ይመስሉ ነበር። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሳይክሌን እየገፋሁ ፍሬን ልገዛ ወጣሁ።

የሳይክል ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች በአንድ መደዳ የተጣበቁ የቆርቆሮ ሱቆች ነበሩ። ብዙዎቹ "ፍሬን" ስላቸው ማንኛውንም ፍሬን ያነሱልኛል። "ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ውሰድ!" ከማለት በቀር ሌላ ነገር የለም። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ዘንድ ደረስኩ። ከሥልጤ አገር የመጡ ሰው ናቸው። ነጭ ቆብ አድርገዋል፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሱቃቸው ሁለት ሰው ካስገባ ሦስተኛው ውጭ ይቀራል። ከዱባይ የሚመጡ አሮጌ ሳይክሎችን ፈትተው ደህና ደህናውን ዕቃ ይለዩ ነበር። ረዳት የላቸውም።

ሰላምታ ሰጥቼ "ጋሼ፣ የዲስክ ፍሬን ፈልጌ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ" አልኳቸው።

ዕቃ አላነሱም። መጀመሪያ ወደ ሳይክሉ ጎንበስ ብለው የፊቱን ጎማ አሽከረከሩና አዳመጡ።

"ይሄ ጥሎሃል፣ አይደል?"

"ጥሎኛል።"

"የት?"

"እንጦጦ።"

"ክብደትህ ሰባ ይሆናል?" አሉና መልሴን ሳይጠብቁ እጄን አዩ። "ጨብጠኝ እስቲ በግራህ።"

መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ጨበጥኳቸው።

"ጉልበት የለውም" አሉ። "ገና ነው።"

ከመደርደሪያው ሁለት ካርቶን አውርደው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። በአንደኛው ውስጥ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ፣ ከእጀታው እስከ ጎማው በቀጭን ቱቦ የተያያዘ ፍሬን አለ። በሌላው ውስጥ ያለው ወፍራምና መልከ ጥፉ ነው፣ በሽቦ ገመድ የሚሳብ።

"ይሄ የዘይት ነው" አሉ ጥቁሩን እየነኩ። "በአንድ ጣት ትይዘዋለህ። ለእንዲህ ያለ እጅ መድኃኒት ነው። ቁልቁለት ላይ እንደ ግድግዳ ያቆምሃል። ግን አመለኛ ነው። ዘይቱ የራሱ ነው፤ የመኪና ፍሬን ዘይት ካስገባህበት ውስጡ ያሉትን ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች ይበላቸዋል። አየር ከገባበት ደግሞ ያለ መሣሪያ አይወጣም። ይሄኛው የገመድ ነው። ከበድ ይላል፣ ያደክምሃል። ነገር ግን ከአሮጌው ጋር አንድ እንዳይመስልህ፣ ሸራዎቹ ሁለቱም ይገፋሉ። ቢላላ መንገድ ላይ በአንዲት ቁልፍ ታጠብቀዋለህ። ገመዱ ቢበጠስ ገመድ የትም አለ።"

"ታዲያ የቱ ይሻለኛል?"

መነጽራቸውን አደረጉ። "እሱ እንደ ሰዉ ነው። ከማን ጋር ነው የምትወርደው?"

"እንዴት?"

"ብቻህን ነህ ወይስ ሰው አለ? ሰው ካለ የዘይቱን ውሰድ። ቢበላሽ እንኳ አንዱ ወርዶ መኪና ያመጣልሃል፣ አንዱ አብሮህ ይቆማል። ብቻህን ከሆንክ ግን አልሸጥልህም።"

ሱቁ በር ላይ አንድ ጎረቤት ነጋዴ ቆሞ ይሰማናል። ፊቴ ጋለብኝ። "ከጓደኞቼ ጋር ነው፤ አራት አምስት እንሆናለን" አልኩ። ድርጅት ያለን አስመስዬ "የእሑድ ጉዞ አለን" ብዬም ጨመርኩበት።

"ማሻአላህ" አሉና የገመዱን ካርቶን ወደ መደርደሪያው መለሱት።

ሲገጥሙልኝ ከሰዓት በላይ ፈጀባቸው። የፊቱ ጎማ ላይ ሰፋ ያለ ዲስክ አደረጉልኝ። "ጎማ ሲፈታ እጀታውን እንዳትጨብጥ። ሳይክሏን ገልብጠህ እንዳታሳድራት" እያሉ መከሩኝ። ሳይክሏን እየነዳሁ ስወጣ በአንድ ጣቴ ነካ አደረግሁት፤ ጎማው በፀጥታ ቆመ። እውነትም ግድግዳ ነበር።

ሁለት ወር ያህል በደስታ ነዳኋት። ደስታ ስል የእጄን ደስታ ማለቴ ነው። አናት ላይ ደርሼ ዳቦዬን ስበላ የሚያየኝ ሰው የለም። ከተማዋ ከታች ጭስ ለብሳ ትታያለች። አንዳንድ ጊዜ አንዱን ታክሲ መርጬ እስኪጠፋብኝ በዓይኔ እከተለው ነበር።

ከፋሲካ በፊት ባለው አንድ እሑድ ገና መውረድ ስጀምር የፊቱ እጀታ ለሰለሰ። እንደ ስፖንጅ ገባ። ወርጄ ሳየው ቱቦው ከእጀታው በሚገናኝበት ቦታ ላይ ዘይት አንጠባጥቧል፤ ጓንቴ ርሷል። ቁልፍ ነበረኝ፣ አጠበቅሁት። ግን አየሩ ገብቷል፤ ስጨብጠው ምንም አይዝም። የኋላው ብቻ ቀረ። ያንን ቁልቁለት በኋላ ፍሬን ብቻ እንዳልሞክረው ቦዩ አስተምሮኛል።

ስለዚህ እየገፋሁ በእግሬ ወረድኩ። ፀሐዩ ጠንከር ያለ ነበር። ሦስት ሰዓት ያህል ተጓዝኩ። መሐል መንገድ ላይ ጮክ ብዬ "አሁን ጠብ በል እንግዲህ" አልኩት ፍሬኑን። የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ። ሻካራ ነበር፣ ጉሮሮዬ ውስጥ የተኛ ነገር የነቃ ይመስል። ቆም ብዬ አሰብኩ። ዓርብ ከሥራ ስወጣ ለታክሲው ረዳት "ወራጅ አለ" ብያለሁ። ቅዳሜ ባለ ሱቋ በጣቴ ያሳየኋትን ሳሙና ስትሰጠኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣኝም። መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ማልቀስ አልቻልኩም፤ ብቻ ለመነሳት ጊዜ ፈጀብኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ። ሳይክሏን ገና ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። እጀታውን ጨብጠው ለቀቁት።

"የት ነው የሆነው?"

"አናት ላይ።"

"ጓደኞችህ እንዴት አወረዱህ?"

ሌላ ውሸት አፌ ላይ ነበር፤ የአንደኛው ጓደኛ መኪና፣ ምናምን። ዓይናቸውን ሳይ አልወጣም አለኝ።

"ጓደኞች የሉም፣ ጋሼ። ብቻዬን ነው የምወርደው።"

ቁጣቸው ቀስ ብሎ ነው የመጣው።

"ሐኪም ቤት ሄደህ ሆድህን እያመመህ ራሴን ነው ትላለህ?" አሉኝ። "ከማን ጋር ነው የምትወርደው ብዬ የጠየቅሁህ ለወሬ ይመስልሃል? ብትሞትስ? ወላሂ፣ ያ ዕቃ ከእኔ እጅ ነው የወጣው!"

"አፈርኩ፣ ጋሼ።"

"ምን ያሳፍራል? ብቻህን መሆን ሌብነት ነው?"

መሬት መሬት አየሁ። ትንሽ ቆይተው አንድ ትንሽ ዱካ በእግራቸው ወደ እኔ ገፉ።

"ቁጭ በል። ፍታው።"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን? እንጦጦ ላይ እኔ ልመጣልህ ነው?"

ከዚያ በኋላ ፍሬኑን አንዴም አልነኩትም። የዘይቱን ፊትና ኋላ አስፈቱኝ፤ ያንን የገመድ ፍሬን ከካርቶኑ አውጥተው ሰጡኝ። ቱቦው ድሮውንም ደካማ ነበር ብለው ዕቃውን በዕቃ ለወጡልኝ። እጄ ብሎን ሲያጣ "ቀስ" ይላሉ። ሸራው ዲስኩን ሲነካና ሲያሽካካ "ስማው፤ በየት በኩል ነው የሚጮኸው?" ይሉኛል። ገመዱን አጥብቄ፣ አላልቼ፣ መልሼ አጥብቄ በሰባተኛው ወይ በስምንተኛው ሙከራ ጎማው ሳይጮህ ዞረ። ስጨብጠው ደግሞ ቆመ። ከባድ ነበር፤ አንጓዬ ተሰማው።

"ክብደቱን ትለምደዋለህ" አሉኝ። "እጅህንም ያበረታዋል።"

ምሳቸውን ለሁለት ከፈሉት፤ ዳቦና አቮካዶ ነበር። እየበላን ስለ ራሳቸው አወሩኝ። ሚስታቸውና ልጆቻቸው አገር ቤት ናቸው። እሳቸው ለአረፋና ለረመዳን መጨረሻ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። እንዲህ ሲሉ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ትንሹ ልጃቸው ሕፃን ሳለ አገር ቤት ሲገቡ "እንግዳ መጣ" ብሎ ለእናቱ ይነግር እንደነበር ነገሩኝና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቁን ሳንጨርሰው ተውነው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ዘንድ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰበብ ይዤ ነበር የምሄደው፤ ብሎን፣ የገመድ ጫፍ፣ ቅባት። በኋላ ሰበቡ አለቀብኝና ዝም ብዬ እቀመጥ ጀመር። እሳቸውም ለምን መጣህ አላሉኝም። ብዙ አናወራም ነበር። አሮጌ ሳይክል እንፈታለን፤ ደህናውን እሳቸው ይለያሉ፣ እኔ በጋዝ አጥባለሁ። ሶላት ሲደርስ ሱቁን ለእኔ ትተው ይሄዳሉ። ሰው "ዋጋው ስንት ነው?" ሲለኝ "ባለቤቱ ይመጣሉ" እላለሁ። እንጦጦን ግን ብቻዬን ነበር የምወጣው። እሑድ እሑድነቱን አልተወም፤ አናት ላይ ያው ዳቦ፣ ያው ጭስ። ብቻ ስወርድ ፍሬኑ አንድ ነገር ቢሆን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።

ዓመት ከምናምን እንዲህ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ስደርስ ዕቃ አያጥቡም፣ አይፈቱም፤ ባንኮኒውን ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። የመደዳው ነጋዴዎች ተደራጅተው በቦታው ላይ ፎቅ እንዲሠሩ ተነግሯቸዋል። የሚገባው አክሲዮን ይገባል፣ የማይገባው ይለቃል።

"እርስዎስ?" አልኳቸው።

"እኔ ፎቅ ላይ ሳይክል ልፈታ ነው? አገሬ እገባለሁ። ልጆቹ 'ይብቃህ' ካሉኝ ቆዩ።"

ደስ እንዲለኝ ሞከርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንግዳ ሆነው ወደሚገቡበት ቤት ሊመለሱ ነውና ደስ ሊለኝ ይገባል። "እንኳን ደስ ያለዎት" አልኳቸው። ድምፄ ልክ እንዳልሆነ ሰሙ መሰለኝ፣ ቀና ብለው አዩኝና መልሰው ወደ ባንኮኒው አቀረቀሩ።

ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ዕቃቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ስንሞላ ቆየን። ጎረቤቱ ነጋዴ ብዙውን ገዛቸው። በመጨረሻው ቀን ለመኪናው እስከሚጠሩ ድረስ ባዶው ሱቅ ውስጥ ቆመን ነበር። ዕቃው ሲወጣ ሱቁ ከቀድሞው ጠቦ ታየኝ።

"ለአረፋ ና" አሉኝ። "ቤት ሰፊ ነው። ሳይክልህን ይዘህ ና፤ እዚያም ቁልቁለት አለ።"

"እመጣለሁ፣ ጋሼ።"

"ብቻህን አትሁን ልልህ አልችልም። እሱ በእጅ የሚጠብቅ ነገር አይደለም።" ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ጭነቱን ሊያዩ ወጡ።

አልሄድኩም። የዚያን ዓመት ማተሚያ ቤቱ ሥራ በዝቶበት ፈቃድ ከለከለኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ምን ብዬ እገባለሁ ብዬ አፈርኩ። ሁለት ጊዜ ስልክ ተደዋወልን። በሦስተኛው ስሞክር ቁጥሩ አይሠራም። የመንደራቸውን ስም አውቀዋለሁ፤ አውቶቡሱም ከመርካቶው መናኸሪያ ይነሳል፣ ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። እስከ ዛሬ ለምን እንዳልተሳፈርኩ ስጠየቅ የምሰጠው በቂ መልስ የለኝም።

እሳቸው በሄዱ በሳምንቱ ቅዳሜ ምሳዬን በልቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ እንደ ወትሮው ወጣሁ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። መደዳው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። እዚያው ቆምኩ። ሰው በግራና በቀኝ እየገፋኝ ያልፋል፣ አንዱ "ወንድም፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ" አለኝ። ወደ ቤት መመለስ አቃተኝ። አጠገቤ ወዳለው የቤት ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ባለ ሱቋ ወፍራም፣ ጨዋታ የምትወድ ሴት ነበረች። "ምን ላሳይህ፣ የእኔ ወንድም?" ስትለኝ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈበትን የሻይ ማንቆርቆሪያ አሳየኋት። ስለ ክዳኑ አወራችኝ፣ ስለ እጀታው፣ እሷም ቤት እንዲህ ያለ እንዳላትና ዓመታት እንዳገለገላት። ረጅም ጊዜ አወራችኝ። ማንቆርቆሪያዋን ገዛኋት። በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ። ብብቴ ሥር ይዣት በአትክልት ተራ በኩል፣ በረጅሙ መንገድ ዞሬ ወደ ቤቴ ገባሁ።